ጭምት ዝም ያለችበት ክረምት

ሰኞ ማታ

ዝናቡ ገባ። ምድር ቤት ያሉት አናጺዎች በረንዳ ላይ የከመሩትን ጣውላ ወደ ውስጥ ሲያስገቡ ዋሉ። ልጆቹ ለልምምድ ሲመጡ ደረጃው ላይ መተላለፊያ አጥተው ከአናጺዎቹ ጋር ሲነታረኩና ሲሳሳቁ ሰማኋቸው።

ይህን ደብተር የገዛሁት የዘፈን ግጥም ልጽፍበት ነበር። ግጥሙ እምቢ አለ። ዛሬ ግን የምጽፈው አለኝ፤ ለሰው ብናገረው ጉራ ይመስላል። ትልቁ ሆቴል እሺ አለን። ክረምቱን ሙሉ፣ ዓርብና ቅዳሜ ማታ፣ የእኛ ባንድ ይጫወታል። ከእንግዲህ ይህ የሙዚቃ ቤት በሰው ሠርግና በሰው ልደት ተንጠልጥሎ አይኖርም። ከትምህርት ቤት መልስ የሚመጡት ትንንሾቹ በነጻ መማራቸውን ይቀጥላሉ፤ ትልልቆቹ መድረክ ይለምዳሉ። ሙዚቃ ልጅን ከመንገድ ያነሳል ስል ሲስቁብኝ የነበሩ ሁሉ አሁን መጥተው ይዩ።

ሥራ አስኪያጁ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያቺ አጭሯ ልጅ ትኖራለች አይደል?»

ትኖራለች አልኩት። እሷን ሳልጠይቅ መሆኑ ትዝ ያለኝ አሁን ነው። ግን ምን ብላ እምቢ ትላለች?

ጭምት የሚለውን ስም ያወጣላት ከበሮ መቺያችን ነጎድጓድ ነው። መጀመሪያ የመጣች ቀን ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከሰላምታ ሌላ ቃል አልወጣትም። እናቷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ እጇን ይዛ «አደራ፣ ቤት ውስጥ ዝም ብላ ገደለችኝ» ብላኝ ሄደች። ዝፈኚ ስላት ምድር ቤት የነበረው መጋዝ ቆመ። አናጺዎቹ ደረጃውን ወጥተው በሩ ላይ ተኮለኮሉ። አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዛሬም ካልጠየቋት አትናገርም።

እኔም በእሷ ዕድሜ እዚያው ሆቴል ዘፍኛለሁ። ያቆምኩት በራሴ ፈቃድ ነው። ሰው አያምነኝም እንጂ እውነቱ ይኸው ነው።

ረቡዕ፣ በችኮላ

ልምምድ ከረፋዱ እስከ ማታ። ኪቦርዱ ላይ አንድ ቁልፍ ይጣበቃል። ስፒከሩ ይንጫጫል፤ ገመዱ ይሆናል። ጭምት ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች። ብርድ ነው። ዝንጅብል በማር አፈላሁላት። ዘፈኖቹን መረጥኩ፤ አብዛኞቹ የኔ ናቸው፣ የድሮዎቹ። ሌላ ምን ይዘፈናል?

ሐሙስ ማታ

ከጋሼ ጣት ጋር በቃል ተነካካን። ጋሼ ጣት የሚሉት ልጆቹ ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከኋላዬ ሆኖ ኪቦርድ ሲጫወትልኝ የኖረ ሰው ነው። ይህንንም ቤት ስከፍት መጀመሪያ ወንበር ተሸክሞ የመጣው እሱ ነው። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ቀስ ብሎ፣ ዘፈኖቹን በአንድ ድምፅ ዝቅ ብናደርጋቸው ምን ይመስልሻል አለኝ። የጭምት ድምፅ ወፍራም ነው፣ እዚያ ላይ ስትወጣ ትንጠራራለች፣ ትከሻዋን አላየሽም ወይ ነው የሚለው።

እኔ የዘፈንኩት በዚያ ከፍታ ነው አልኩት። ዝቅ ከተደረገ ዘፈኑ ቁመቱን ያጣል። ደግሞ ድምፅ እንደ እግር ነው፤ ሲሄዱበት ይጠነክራል። «እግርም ይሰበራል» አለኝና ጃኬቱን ለብሶ ወጣ።

ጋሼ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። እኔንም ድሮ ተይ፣ ቀስ በይ ሲለኝ ነበር። ቀስ ብዬ ቢሆን የት እደርስ ነበር?

የት ደረስሽ ይለኝ ይሆን?

እሑድ ከሰዓት

ሁለቱም ምሽት ሞላ። ቅዳሜ ማታ ወንበር አልቆ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ሰማ። ጭምት አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ነበር፤ እናቷ ናት የሰፋችላት። አንገትጌውን መድረክ ጀርባ ሳስተካክልላት ልቧ ሲመታ በጣቴ ተሰማኝ። «አትፍሪ፣ እዚሁ ነኝ» አልኳት። ወጥታ አፏን ስትከፍት በቃ፣ ቤቱ ጸጥ አለ። አንድ አስተናጋጅ ትሪ እንደያዘ ደንዝዞ ቀረ።

እኔ መጋረጃው አጠገብ ቆሜ ከንፈሬን አብሬ አንቀሳቅስ ነበር። ትልቁ ዘፈኔ መካከል ላይ የምትተነፍስበት ቦታ አለ፤ እዚያች ቦታ ላይ እኔም እተነፍሳለሁ። ልማድ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሐሙስም ይጨመርልኝ አለ። እሺ አልኩ።

ሰኞ

ጭምት ዛሬ አልመጣችም። ደወልኩ። ስልኩን ስታነሳ ወንድ መሰለችኝ።

ረቡዕ

መጣች። ይሻላል። አናናግራትም፣ ለምሽቱ እናስቀምጣት ብዬ ልጆቹን አዘዝኩ። ነጎድጓድ ጆሮዬ ሥር ሆኖ ለጊታሪስቱ ሲያወራ ሰማሁት፤ «ጭምት እኮ ጄኔሬተራችን ናት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር እሷን ነው የምንቆሰቁሰው።» ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቀልድ ያውቃል ይህ ልጅ።

ዓርብ ጠዋት

ትላንት ማታ ደህና ነበር። ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ድምፅዋ እንደ ጨርቅ ተቀደደ፤ ሰው አላወቀም። እኔ አወቅሁ።

ማር አልቋል።

ማክሰኞ ማታ

እህቴ ነርስ ናት፤ አብረን ነው የምንኖረው። ባሏ ከሞተ ወዲህ እኔ ቤት ነች፤ ወይ እኔ እሷ ቤት ነኝ፣ ሁለታችንም እንደየስሜታችን ነው የምንለው። ዛሬ ጭምት ሰዓት ለማረጋገጥ ስትደውል ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት። ስልኩን ዘግታ ይቺ ልጅ ስንት ጊዜዋ ነው እንዲህ ከሆነች አለችኝ። ጥቂት ቀን አልኳት። ከጀመራት ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።

ሐኪም ዘንድ ውሰጃት አለች። ክረምት ነው፣ ያልጎረነነ ሰው የለም አልኳት። እሷም ቀጠለች፣ እኔም ቀጠልኩ፤ አንቺ ሥራዬን ወደሽልኝ አታውቂም እስከማለት ደረስን። ሳህን እያጠበች ነበር። ሳትዞር «እኔ ያንቺን ሥራ አይደለም ያልኩት፤ የልጅቷን ጉሮሮ ነው ያልኩት» አለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አሁን ለምን ትዝ አለኝ?

እወስዳታለሁ። ይህች ሳምንት ትለፍ።

ሐሙስ፣ ከልምምድ በኋላ

በጣም ተናድጃለሁ። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ አንድ ነገር ጎረበጠኝ። ጭምት በቀላሉ ትዘፍናለች። ትከሻዋ ወርዷል፣ ፊቷም በርቷል፤ ልጆቹ ሁሉ ደስ ብሏቸው ይጫወታሉ። ግን ዘፈኑ የኔ ዘፈን አልመስል አለኝ። አቁሙ አልኩ። ተነስቼ ኪቦርዱ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ጣት ሳይነግረኝ ቁልፉን ተጭኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎታል፤ ጊታሪስቱና ባሲስቱም ያውቃሉ፣ ተስማምተውበታል። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። በገዛ ቤቴ።

በሁሉም ፊት ወደ ቦታው መለስኩት። «ከመጀመሪያው ጀምሩ» አልኩ። ጋሼ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየና ጀመረ። ጭምት ዘፈነች። መጨረሻውን ከፍታ እንዴት እንዳወጣችው አላውቅም፤ የአንገቷ ሥር ተገትሮ ይታይ ነበር፣ ግን አወጣችው። ይኸው፣ ትችላለች አልኳቸው።

ነጎድጓድ እንኳ ቀልድ አልነበረውም።

ጆሮዬ ግን ዛሬም እንደጥንቱ ነው። በአንድ ድምፅ ዝቅ ቢል ወዲያው ነው የማውቀው።

ሰኞ ማታ

ሐኪም ዘንድ ሄድን፤ እኔ፣ ጭምትና እህቴ። እናቷ የምታስረክበው ልብስ ስላለባት አልቻለችም፤ እርስዎ አሉ አይደል ብላ ላከቻት።

ሐኪሙ ቀጭን ነገር በአፍንጫዋ አስገብቶ ጉሮሮዋን በስክሪን አሳየን። ድምፅ የሚወጣበትን ስፍራ በዚህ ዕድሜዬ ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ሁለት ክር የመሰሉ ነገሮች ናቸው፤ ሲከፈቱ ሲዘጉ ይታያሉ። ሁለቱም ላይ ፊት ለፊት ነጭ እባጭ ወጥቷል። አንደኛው ደም ቋጥሯል። ዶማ የያዘ እጅ ውሃ እንደሚቋጥረው ማለት ነው አለ። መዝፈን የለም፣ ማውራት የለም፣ ማንሾካሾክም የለም። ስድስት ሳምንት ዝም ትበልና እናያለን። ካልሆነ ይቆረጣል፤ ከተቆረጠ በኋላ የሚመለሰው ድምፅ ደግሞ የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ቅዳሜ ትልቁ ዝግጅት ነው። የዘፈን ሸክላ የሚያሳትም አንድ ሰውዬ ሊሰማት ይመጣል፤ ሥራ አስኪያጁ ነው የለመነልን። እንዲህ ያለ ሰው ሁለቴ አይመጣም። ስለዚህ ዝምታውን ከእሑድ ብትጀምር ምን ልዩነት አለው ብዬ ጠየቅሁ። ጥያቄ ነው፤ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም።

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ ጭምት አዞረና «የተናገርኩት ላንቺ ነው» አላት።

እህቴ መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም።

ማክሰኞ

ለእናቷ ደወልኩ። ትንሽ ዕረፍት ያስፈልጋታል ብሏል አልኳት። ይኸው ነው፤ ሌላውን ዘርዝሬ ምን ላስደነግጣት። ስታመሰግነኝ፣ ስትመርቀኝ ቆየች። የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

ረቡዕ

ጭምትን ለብቻዋ አስቀምጬ አዋየኋት። ውሳኔው የራስሽ ነው አልኳት። ሰውዬው ማን እንደሆነ፣ የስንቱን በር እንደከፈተ፣ እኔ በጊዜዬ እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣልኝ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር ነገርኳት። አንድ ምሽት ብቻ፤ ከዚያ እስከፈለግሽ ዝም በይ አልኳት።

አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች።

አላስገደድኳትም። እዚህ ጋ በግልጽ ይጻፍ፤ እሺ ብላለች።

ዓርብ

የትላንቱንና የዛሬውን ምሽት አሳረፍኳት። መሣሪያ ብቻ ተጫወትን። እየለመንኩ ነው የተስማማሁት ከሥራ አስኪያጁ ጋር። ማንም ይህን አያይልኝም።

እሑድ ንጋት

ከየት ልጀምር። አልተኛሁም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሰውዬው ፊት ለፊት፣ ከሥራ አስኪያጁ አጠገብ፣ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ጭምት አንደኛውን ዘፈን በደህና ተወጣች። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ሻከራት፤ ሻካራነቱም ያምር ነበር፣ ሰው ወደደው። ሦስተኛው የኔ ዘፈን ነው፣ ያ ትልቁ። እስከ መካከል ሄደች። ከዚያ ከፍ ወደሚለው ስትገባ አፏ ተከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከረች። አየር ብቻ። ጋሼ ጣት መግቢያውን መልሶ ተጫወተላት፣ ትንፋሽ እንድታገኝ። ሦስተኛ ስትሞክር ከማይኩ የተሰማው ነገር ምን እንደሚመስል አልጽፈውም። ፊት ወንበር ላይ ያለች ሴት አፏን ያዘች።

እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። ማይኩን ከእጇ ተቀበልኩና ከቆመችበት ቀጠልኩ።

ያቺን የመጨረሻ ከፍታ አወጣኋት። እኔ ራሴ አላመንኩም። ስንት ዓመት ሙሉ መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንኳ ሞክሬያት አላውቅም፤ ትላንት ግን እንደ ድሮው፣ ሳትንገዳገድ፣ ጣራው ድረስ። አዳራሹ ተነስቶ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ሰውዬ እያለቀሰ ስሜን ጠራኝ፤ የድሮውን የመድረክ ስሜን፣ የሚያውቀው ሰው ያለም አይመስለኝ ነበር። ድገሚው አሉኝ፣ ደገምኩት። ሌላም ዘፈንኩ። መብራቱ ፊቴ ላይ ሲሞቀኝ፣ ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ፣ እጄ የት መሆን እንዳለበት ሳላስብ ራሱ ያውቀው ነበር። ሰው መኖር የሚለው ይህንን ነው። ሌላው ሁሉ ጥበቃ ነው።

ከመድረክ ስወርድ ሥራ አስኪያጁ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ሰዎች ከበቡኝ፤ ፎቶ ተነሳን፣ አወራን፣ ሳቅን።

ጭምትን ማን ቤቷ እንዳደረሳት አላወቅሁም። ነጎድጓድ ይሆናል።

ሰኞ

እኔም ጎርንኛለሁ። ደስ የሚል ድካም ነው። እህቴ ጠዋት ቁርስ ሳታቀርብልኝ ወጣች፤ ተረኛ ናት መሰለኝ።

ማክሰኞ

ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። አዲስ ልብስ ለብሼ ሄድኩ። ቢሮው በር ላይ ቆሜ ሳንኳኳ ውስጥ በስልክ ያወራ ነበር። «አይ፣ እሷማ ለአንድ ቀን ታምራለች» ይላል። ስለማን እንደሆነ አላወቅሁም።

ገባሁ። ስለ ቅዳሜ አመሰገነኝ፤ ያልታሰበ ስጦታ ነበር አለ። ከዚያ ለሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ልጅ አለችሽ ወይ፣ ወጣት፣ አለኝ። ሰውዬውም ልጅቷን ሊሰማ መጥቶ በወጉ ሳይሰማ መሄዱን ነገረኝ። የለችም አልኩ። እንግዲያው ይቅርታሽን፣ ሌላ ባንድ አነጋግረናል አለ። ሻይ ጋበዘኝ፤ ጠጣሁ።

ስመለስ ያንን አዲስ ልብስ ዝናብ መታው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔ ግን ለማን ብዬ ነው ያወረድኩት? ለልጆቹ አይደለም?

ሐሙስ

እናቷ መጣች።

ትንንሾቹን ሳስጠና ነበር። በሩ ላይ ቆማ ጃንጥላዋን አራገፈች፤ ጨርሼ እስክወጣ ጠበቀችኝ። ግቢ አልኳት፤ አልገባችም። ኮሪደሩ ላይ ቆምን። ጮኻ ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ጭምት ከቅዳሜ ወዲህ ውሃ ስትውጥ ታለቅሳለች። ትላንት ወደ ሐኪሙ እናቷ ራሷ ወስዳታለች። ደም የቋጠረው ፈንድቷል። መቆረጡ አይቀርም።

«ለእርስዎም ነግሮዎት እንደነበር ነገረኝ።»

ሙዚቃውን፣ ሰውዬውን፣ ዕድሉን ላስረዳት ጀመርኩ። እሺ ብላለች፣ ራሷን ጠይቂያት አልኳት።

«እሷማ አንድ ነገር እምቢ ብላ ታውቃለች?» አለች። «እርስዎ ያውቋታል። ከኔ እኩል ነው የሚያውቋት። እኔ ሥራ ይስጡልኝ ብዬ አላመጣኋትም፤ አደራ ብዬ ነው የሰጠሁዎት።»

ከዚያ ጃንጥላዋን ዘርግታ ደረጃውን ወረደች። ውስጥ ያለውን ዝግ ደረጃ፣ ጃንጥላ ዘርግታ። አናጺዎቹ መንገድ ለቀቁላት።

ትንንሾቹ ውስጥ ሆነው ሰምተዋል። ገብቼ ከየት ላይ ነበርን አልኳቸው። ማንም አላስታወሰም።

ሰኞ

ጋሼ ጣት ሄደ። አልተጣላንም። የሚስቱ ወንድም የተወው አንድ መጋዘን አለ፤ እዚያ ትንንሾቹን ሰብስቤ አስተምራለሁ፣ ከፈቀድሽ አለኝ። ካልፈቀድኩስ አልኩት። የኪቦርዱን ገመድ ነቀለ። ሰባት የሚሆኑት አስቀድመው እዚያ መሄድ ጀምረዋል ለካ። ኪቦርዱን ተሸክሞ ሲወርድ በሩን ያዝኩለት። ያ የሚጣበቀው ቁልፍ ይሠራ አልኩት።

ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆም ብሎ «ያን ዕለት ቆንጆ ዘፍነሻል» አለኝ። «ሳጅብሽ ግን ቀና ብዬ አላየሁሽም።»

ለምን አላልኩትም።

ረቡዕ

ነጎድጓድ ዱላዎቹን ሊወስድ መጣ። ሌላ ባንድ አግኝቷል፤ የትኛው እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም ገብቶኛል። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ነው የሚጫወቱት። «እትዬ፣ ከበሮው እርስዎ ጋ ይቆይ፤ ቢያንስ ሌባ ሲገባ ይመቱታል» አለ። ሳቅሁለት። እሱም ለመሳቅ ሞከረና ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጭምት እንዴት ናት ብዬ ልጠይቀው ስል ወጣ።

ዓርብ

ማንም የለም። ዝናብ ብቻ።

ማክሰኞ ማታ

ዛሬ ተቆረጠላት። እህቴ የምትሠራበት ሆስፒታል ነው። ጠዋት ልብሷን ስትለብስ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ ክፍሏ ሁለተኛ ፎቅ ነው አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ረዘም አድርጋ ያናገረችኝ ዛሬ ነው።

ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ወንበር ላይ እስከ ከሰዓት ተቀመጥኩ። እናቷ ሁለት ጊዜ ወጥታ ገባች፤ ሁለቱንም ጊዜ አየችኝ። በሦስተኛው በሩን ሳትዘጋው ገባች። ግቢ ማለቷ ይሁን መርሳቷ ሳላውቅ ገባሁ።

ጭምት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ያለዚያ ቀሚስ፣ ያለ መብራት፣ ሕፃን ትመስላለች። እንዴት ነሽ አልኳት፤ ከዚያ መመለስ እንደማትችል ትዝ አለኝና አፈርኩ። እግዜር ይማርሽ አልኩ። ስለ ዝናቡ አወራሁ። ስለ ነጎድጓድ ከበሮ አወራሁ፤ ፈገግ አለች። እናቷ ጀርባዋን ሰጥታን አንሶላ ታጥፋለች።

ልነሳ ስል ጭምት ስልኳን አንስታ ጻፈችበትና አዞረችልኝ።

«እትዬ፣ የዚያን ቀን ሲዘፍኑ በጣም ያምር ነበር። መጋረጃው ጋ ሆኜ ሰማሁዎት።»

መጋረጃው ጋ ሆና። እኔ የምቆምበት ቦታ ላይ።

ማንም ቤቷ አላደረሳትም ነበር ማለት ነው። እስከ መጨረሻው እዚያው ቆማ ነበር።

ምን ማለቷ እንደሆነ እስካሁን ይከብደኛል። ነቀፋ አይደለም፤ ጭምት ነቀፋ አታውቅም። ነቀፋ ቢሆን ኖሮ እቀበለው ነበር። ቤት ደርሼ እራት እምቢ ብዬ ተኛሁ። አልተኛሁም።

ሐሙስ

ዝናቡ ቀንሷል። እነዚያን ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች በጋሪ ጭኜ ወደ ጋሼ መጋዘን ላክሁ። ይዞ የሄደው ሰውዬ ማን ላከው ልበል አለኝ። ምንም አትበል አልኩት። ጋሼ ያውቃል።

እሑድ

እህቴ የሐኪሙን ወሬ ይዛ መጣች። የጭምት ቁስል ድኗል። ትላንት የመጀመሪያውን ቃል ተናግራለች፤ እናቷን ነው የጠራችው። ድምፅዋ ግን ሌላ ነው፣ ከበፊቱም የወፈረ፣ የሻከረ። ለመናገር ምንም አይልም። ለመዝፈን ደግሞ ዓመት አልፎ ይታያል፤ ቢመለስም ያው አይሆንም ብሏል ሐኪሙ። የልብስ ስፌት ከእናቷ እየተማረች ነው። እህቴ ይህን ሁሉ የነገረችኝ ጎመን እየከተፈች ነው፤ ጨርሳ ቢላዋውን ለኔ ሰጠችኝና የቀረውን አንቺ ክተፊ አለችኝ። ጎን ለጎን ቆመን ከተፍን።

ማልቀስ ፈልጌ ነበር። ግን ከአጠገቤ የቆመችው ሴት በየቀኑ የሚያለቅስ ሰው ስታይ የምትውል ናት። ለማን ነው የምታለቅሺው ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት

ዛሬ ቤቱን ልዘጋ ገብቼ ወንበር ሳነባብር አንዲት ልጅ በሩን አንኳኳች። አሥራ ስድስት ቢሆናት ነው። ጫማዋ ጭቃ ነው፤ ጠርጋ ጠርጋ አልለቅ ቢላት በካልሲ ገባች። ስለ እኔ የሰማችው ከአጎቷ ነው፤ በዚያ ቅዳሜ ሆቴሉ ውስጥ ነበር። ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር አሉኝ አለች። እርስዎ ካስተማሩኝ እኔም እንደዚያ እሆናለሁ አለች።

ማስተማር አቁሜያለሁ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። «እስቲ ዝፈኚ» የሚለው ወጣ።

በባዶው ክፍል መካከል ቆማ፣ እጇን ኋላ አጣምራ፣ ዓይኗን ጨፍና ዘፈነች። የምትዘፍነው ዘፈን የኔ አይደለም፤ የሆነ ቦታ የሰማችው የሰሞኑ ዘፈን ነው። ግን ድምፁ… ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። የት ብትተነፍስ፣ የትኛውን ቃል ብታስረዝመው፣ ከዚህ ድምፅ ምን እንደሚወጣ ሁሉ ባንድ ጊዜ ታየኝ። የሆቴሉ አዳራሽ ታየኝ። ቀሚሷ ሳይቀር ታየኝ፤ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚሆን።

መካከል ላይ በእጄ አስቆምኳት።

በጋዜጣ ዳር ላይ የጋሼን መጋዘን አቅጣጫ ጻፍኩላት። ሽማግሌ ሰውዬ ታገኛለሽ፣ ጣቱ ረጃጅም ነው፣ እሱ የሚልሽን ስሚ አልኳት። ከናትሽ ጋር ሂጂ አልኳት። ወረቀቱን ተቀበለችኝ፤ አላነበበችውም። ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ ሞላ።

«አልወደዱትም?» አለችኝ።

«ወድጄዋለሁ» አልኳት። «ለዚህ ነው የምልክሽ።»

አልገባትም። ምን ይግባት። ጫማዋን በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ስታስር ጠበቅኋት፤ ስትወጣ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩትና እርምጃዋ ከደረጃው ጠፍቶ እስኪያልቅ ቁልፉን ሳልለቅ ቆምኩ።